መጠይቁ «የሒሳብ ሥራ አይስማማሽም» አለኝ፤ ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬአለሁ። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ቫውቸር ፒችትሪ ወደሚባለው የሒሳብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስገባት ሲሆን፣ የወሩ ሪፖርት ተሠርቶ ሲወጣ እንኳ አላየውም፤ ስሕተት ካልተገኘ በቀርም የሚያናግረኝ የለም። ደስ የሚለኝ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ሠራተኞች መጥተው «ግብሩ ለምን ይህን ያህል ሆነ? የጡረታው 7 በመቶስ የት ይገባል?» ብለው ሲጠይቁኝና ቁጭ ብዬ ሳስረዳቸው ብቻ ነው። በቅርቡ በስልኬ የሞላሁት የስብዕና መጠይቅ በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት «አይኤንኤፍፒ» የሚባለው ዓይነት ሰው እንደሆንኩና የሚስማማኝም አማካሪነት ወይም ድርሰት እንጂ ሒሳብ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሥራዬን ለቅቄ የምክር አገልግሎት ሙያ ለመማር አስቤአለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን «ለስልክ ጨዋታ ብለሽ እንጀራሽን ልትተዪ ነው?» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ውሳኔዎን ያሳረፉት በመጠይቁ ላይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ሰዎችን በ16 ዓይነት የሚከፍለው ይህ አመዳደብ መነሻው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው የስብዕና ዓይነቶች ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፣ ወደ መጠይቅነት የለወጡት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ሁለቱም በሥነ ልቦና መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ኢዛቤል ሥራውን የጀመረችውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ ሥራ ይገቡ የነበሩ ሴቶች የሚስማማቸውን ቦታ እንዲያገኙ ለመርዳት ነበር። ዓላማው በጎ ነው። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ በላይ የሆነውን ሁሉ «ረጅም»፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ «አጭር» ብሎ እንደ መመዝገብ፣ በመካከል ያለውን ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት መልስ ልዩነት ወደ አንዱ ጎራ ይጥለዋል። ከሳምንታት በኋላ መጠይቁን ደግመው የሚሞሉ ብዙ ሰዎች የተለየ ፊደል የሚያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። በስልክ የሚሞላው ነጻ መጠይቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዋናው አምሳያ እንጂ ራሱ አይደለም።

ስለ ሥራ ምርጫ ከሆነ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ የጆን ሆላንድ ሐሳብ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታዎችንም በስድስት ዝንባሌ መደባቸው፤ እነርሱም በእጅና በመሣሪያ መሥራት፣ መመርመር፣ ጥበብን መፍጠር፣ ሰውን መርዳትና ማስተማር፣ ማግባባትና መምራት፣ እንዲሁም መረጃን በሥርዓት መያዝ ናቸው። በእርሱ አሠራር ማንም ሰው በአንድ ዝንባሌ ብቻ አይገለጽም፤ ጎልተው የሚታዩት ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ላይ ይወሰዳሉ። ሒሳብ በዋናነት የሥርዓት ሥራ ቢሆንም፣ ሰውን መርዳት የሚወድ የሒሳብ ባለሙያ የሚሠራበት ቦታ ሞልቷል።

እኔን የሳበኝ ግን ከመጠይቁ ውጤት ይልቅ ስለ ውሎዎ የጻፉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሃክማንና ኦልድሃም የተባሉ ተመራማሪዎች ሥራን አርኪ ያደርጋሉ ያሏቸው አምስት ነገሮች አሉ፦ የተለያየ ችሎታን መጠየቁ፣ አንድን ነገር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ለመሥራት ማስቻሉ፣ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ፋይዳ ያለው መሆኑ፣ በራስ የመወሰን ነጻነት መስጠቱና ውጤቱን እንዲያውቁት ማድረጉ። አሁን ያለዎትን ሥራ በእነዚህ ይመዝኑት። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቫውቸር ያስገባሉ፤ ሪፖርቱን አያዩም፤ ከስሕተት በቀር ስለ ሥራዎ የሚነገርዎት የለም። እንዲህ ተቆራርጦ የተሰጠ ሥራ ፊደላቸው ምንም ይሁን ምን ብዙ ሰዎችን ያሰለቻል። ስለዚህ የሰለቸዎት የሒሳብ ሙያ ነው ወይስ የሥራው አከፋፈል የሚለው ገና አልተለየም፤ እርሱ ሳይለይ ሙያ መቀየር ደግሞ ውድ ሙከራ ነው። ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ያለው ደስታዎ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መጠይቁ የሚመዘግበው ስለ ራስዎ ያሰቡትን ሲሆን ይህኛው ግን ሲሠሩ የታየ ነው። ደግሞም ያን ቀን የሚሠሩት ያው ሒሳብ መሆኑን ልብ ይበሉ።

እንግዲህ አለቃዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የደመወዝ ሥራው ከሠራተኛው ጥያቄ ጋር ለእርስዎ እንዲሰጥዎትና በወር መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን (መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩን) ከዳር እስከ ዳር እንዲሠሩ እንዲፈቀድልዎት። ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰሚ እንደማያገኝ ያውቃሉና ቀደም ብለው ያቅርቡት። ጎን ለጎን በሰፈርዎ እድር ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር መዝገብ መያዝ ይሞክሩ። አባላት መዋጮና ብድር ላይ ሲጨቃጨቁ መሃል ገብቶ ማስረዳት ያስደስትዎት ወይም ያደክምዎት እንደሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ይለይልዎታል። ደስ ካለዎት የማኅበራት ሒሳብ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አካውንቲንግ ማስተማር በያዙት ዲግሪ ሊጠጉት የሚችሉት ሥራ ነው።

የምክር አገልግሎት ትምህርቱን አልቃወምም። ሆኖም አማካሪነት የሰውን ሐዘን በየዕለቱ መስማትና መዝገብ በጥንቃቄ መያዝን ይጠይቃልና፣ ከመመዝገብዎ በፊት በሙያው ላይ ያለ ሰው ፈልገው የሰኞ ውሎው ምን እንደሚመስል ይጠይቁ። ትምህርቱ መሃል ከተማ በማታ የሚሰጥ ከሆነም ከቃሊቲ ወጥተው ደርሰው፣ ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመለሱበትን ታክሲና ሰዓት አብረው ያስሉ። ወንድምዎንም በዚህ ስሌት ቢያነጋግሯቸው ሳይሻል አይቀርም፤ ስለ ፊደሎቹ ግን ባይከራከሩ እመርጣለሁ።

መልቀቁ ግድ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎት ዘመንዎን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃም ሳይቀበሉ አይውጡ።