የፈረሱን የሩጫ ቀን የሚቆርጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። በአንድ የውርርድ ቤት በጽዳት ሥራ እተዳደራለሁ። ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ቴሌቪዥኖች ከቀትር እስከ ምሽት ፈረስ ይሮጣል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። በሁለት ከተማ የሚካሄዱ ውድድሮች በአንድ ደቂቃ ሲነሡ ግን እምብዛም አላይም። ይህን ሁሉ የሚያቀናጀው ማን ነው? መንግሥት ነው? ጋላቢው ፈረሱን ሲገርፈውም አንጀቴን ይበላኛል፤ የሚቀጣው አለ? እርስዎ ፈረስ ቤት መሥራትዎን በዚሁ ዓምድ ስላነበብሁ ነው የጠየቅሁዎት።
አንባቢ፣ ከሊድስ

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽ የድሮ ሥራዬን አስታወሰኝ። ኒውማርኬት በምትባለው የፈረስ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ፈረስ ጠባቂ ነበርሁ። የምትጠይቂኝ የቀን ዝርዝር እንቅልፌንም በዓሌንም ሲወስንብኝ የኖረ ነው።

መንግሥት አይደለም። የብሪታንያን ውድድር የሚመራው የብሪታንያ የፈረስ እሽቅድምድም ባለሥልጣን ይባላል፤ ስሙ እንደዚያ ይሁን እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሕግ አውጪውም ፈራጁም በ1750 አካባቢ የተመሠረተው የመኳንንቱ ጆኪ ክለብ ነበር። ክለቡ ዛሬም አለ፤ 15 የመሮጫ ሜዳዎች አሉት፣ ሕጉ ግን ከእጁ ወጥቷል። የባለሥልጣኑ አባላት አራት ወገኖች ናቸው፤ የሜዳ ባለቤቶች፣ የፈረስ ባለቤቶች፣ አርቢዎች፣ በመጨረሻም ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች። እኛ ፈረስ ጠባቂዎች ያለነው በዚህ በአራተኛው ወገን ውስጥ ነው፤ እሱንም ከአሰልጣኝና ከጋላቢ ጋር ተካፍለን። ይህን በልብሽ ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ቀኑ እንምጣ። በብሪታንያ 59 የመሮጫ ሜዳዎች አሉ፤ በዓመት ወደ 1,460 የሚደርስ የውድድር ቀን ይደለደላል። በአማካይ በየቀኑ አራት ሜዳ ላይ ይሮጣል ማለት ነው። ዝርዝሩ የሚወጣው ዓመቱ ሳይገባ ነው። መጀመሪያ የሚተከሉት የማይነቃነቁት ናቸው፤ በመጋቢት የቼልተናም አራት ቀናት፣ በሚያዝያ የኤይንትሪ ግራንድ ናሽናል፣ በግንቦት መጀመሪያ «ጊኒስ» የሚባሉት የኒውማርኬት ውድድሮች፣ በሰኔ መጀመሪያ የኤፕሰም ደርቢ፣ በዚያው ወር የሮያል አስኮት አምስት ቀናት፣ በመስከረም የዶንካስተር ሴንት ሌጀር። ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የቆጠርሁት። ሌላው ሁሉ በእነዚህ ዙሪያ ይሰካል። ከቀኖቹ ከፊሉ በቆየ መብት የሜዳዎቹ የራሳቸው ናቸው፤ ከፊሉን ደግሞ ባለሥልጣኑ ይዞ ለሜዳዎች ይሰጣል። ስለዚህ ድልድሉ በየዓመቱ የድርድር ጉዳይ ነው።

ታዲያ በየቀኑ የሚያሮጠው ምንድን ነው? አንቺ ወለሉን የምታጸጂበት ቤት ነው። ከ1961 ጀምሮ ከውርርድ ገንዘብ ላይ ለፈረስ ውድድር የሚሰበሰብ በሕግ የተወሰነ መዋጮ አለ፤ ይህንን የሚሰበስበው ቦርድ መንግሥት ያቋቋመው ነው። ከ2017 ወዲህ ከባሕር ማዶ ሆነው በኢንተርኔት የሚያቋምሩትም ይከፍላሉ። አቋማሪው በብሪታንያ ውድድሮች ከደንበኞቹ ካገኘው ትርፍ ላይ፣ የመጀመሪያው 500,000 ፓውንድ ተቀንሶለት፣ አሥር በመቶ ያወጣል። ያ ገንዘብ ሽልማት ይሆናል፣ የፈረስ ሕክምና ምርምርም ይደጉማል። ፈረስ ያልሮጠበት ቀን መዋጮ የሌለው ቀን ነው። የመነሻ ሰዓቱ በደቂቃ እየተለያየ የሚደረደረውም ሰው አንዱን አይቶ ለሚቀጥለው እንዲወራረድ ነው። ያም ሆኖ ቅዳሜ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ በ2024 ቅዳሜ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 እስከ 10 ከሦስት ሜዳ በላይ እንዳይሮጥ ተወስኖ ነበር።

የክረምቱም ውርጭ ቢሆን አያስቆመው። ሣሩ ሲበርድ ውድድር እየተሰረዘ ውርርድ ቤቶቹ ባዶ ይውሉ ነበርና፣ በ1989 ሊንግፊልድ ላይ ሣር የሌለው ሰው ሠራሽ መሮጫ ተነጠፈ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ስድስት ሜዳዎች አሉ። አንዱ ኒውካስል ነው፤ ታሪኬም እዚያ ነው።

ዝላይ በሌለው ውድድር አንድ ፈረስ መሮጡ የሚረጋገጠው ውድድሩ 48 ሰዓት ሲቀረው ነው። አሰልጣኙ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ያስመዘግባል፤ እኛም መሄዳችንን የምናውቀው ያኔ ነው። በአንዱ ዓመት የገና ዋዜማ ሁለት ቀን ሲቀረው የእኔ ዳማ ፈረስ ለኒውካስል ተመዘገበ። ለንደን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሌሊቱን ላስቀድስ ነጠላዬን አጥቤ ሰቅዬ ነበር። ለዋዜማው በፈረስ መኪና አምስት ሰዓት ያህል ተጓዝን፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በመብራት ሮጠ፣ ስድስተኛ ወጣ። ላቡን አጥቤ፣ በእጄ ይዤ አንሸራሽሬ አበረድሁት፤ ግላሱን አልብሼው ተመለስን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ ጋጣው ውስጥ ድርቆሽ ስሰጠው፣ ለንደን ላይ ቅዳሴው ሳያልቅ አይቀርም ብዬ ቆምሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሦስት ፈረሶቼ ይጠብቁኝ ነበር። በእነርሱ ገና፣ ዲሴምበር 24 እና 25፣ ውድድር የለም፤ ያንን ዕረፍት አልነቅፍም፣ ፈረስ ግን በዚያም ቀን ይበላል፣ ጋጣውም ይጠረጋል። የእኔ ገና መሮጫ ቀን ላይ መዋሉን በአራቱ ወገኖች ጠረጴዛ ላይ የሚያነሣ ማን ነው? የእኔ ብቻ አይደለም። አብረውኝ የሠሩ ሕንዶች፣ ፊሊፒኖዎች፣ ምሥራቅ አውሮፓውያን ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ቀኑ በዝቷል እላለሁ፤ በተለይ የክረምቱ ምሽት። ቀን ሲደለደል የሚጋልበውና የሚያሮጠው ብቻ ሳይሆን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጋጣ የሚከፍተውም ድምፁ በእኩል መሰማት አለበት።

ባለሥልጣኑን ግን አልነቅፈውም፣ መልካሙንም አይቻለሁና። በፌብሩዋሪ 2019 በአንድ አሰልጣኝ ፈረሶች ላይ ጉንፋን ሲገኝ፣ በዚያው ሌሊት የአገሪቱን ውድድር በሙሉ አስቆመ፤ ስድስት ቀን አንድም ፈረስ አልሮጠም። ስንት ገንዘብ እንደቀረ አስቢ። ፈረሶቻችንን አፍንጫቸውን እያስመረመርን ውጤት ስንጠብቅ የነበረውን ጭንቀት አልረሳውም፤ ያኔ ያ ሥልጣን ባይኖር በሽታው በየሜዳው ይዳረስ ነበር።

ስለ አለንጋውም ሕግ አለ። ከ2023 ጀምሮ ጋላቢው ዝላይ በሌለው ውድድር ከስድስት ጊዜ፣ በዝላይ ውድድር ከሰባት ጊዜ በላይ መምታት አይችልም። ቢያልፍ ለተወሰኑ ቀናት ይታገዳል። ከገደቡ በአራትና ከዚያ በላይ ካለፈ ደግሞ ፈረሱ ቢያሸንፍም ውጤቱ ይሰረዛል። አለንጋውም ለስላሳ ሽፋን ያለው ነው። እኔ ከዚህም ቢቀንስ ደስ ይለኛል፤ በአለንጋ ከሮጠው ይልቅ በእጅና በድምፅ የሮጠውን ፈረስ ማግሥቱን ጋጣው ውስጥ ስታዪው ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እሳተፋለሁ። ማኅበራችን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። እኛስ እንደ እንግሊዞቹ የተደራጀ የእሽቅድምድም ሥርዓት ለመትከል ከምን እንጀምር?
ወጣት ፈረሰኛ፣ ከእንጅባራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ዳንግላ አካባቢ ያደግሁ ነኝ፤ የዚያ ቀን የፈረስ ጌጥ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። በዓሉን ወደ ውርርድ ቤት እንዳትወስዱት። እናንተ በዓሉን የምታከብሩት ዐድዋን፣ ጊዮርጊስንና አብሯችሁ የዘመተውን ፈረስ እያሰባችሁ ነው፤ ያ ይቅደም። እሽቅድምድሙን ግን ለብቻው ሥርዓት ልታበጁለት ትችላላችሁ።

እንግሊዞቹ በቢሮ አልጀመሩም። ሁለት ባለጠጎች ፈረሶቻቸውን ሲያወዳድሩ ውላቸውን የሚጽፍ ሰው ነበር። ዌዘርቢ የሚባል ቤተሰብ ያንን መዝገብ ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1773 የውድድር ቀን መቁጠሪያ፣ በ1791 ደግሞ የፈረስ የዘር መዝገብ አሳተመ። የቤተሰቡ ድርጅት ዛሬም የፈረሶቹን ምዝገባ ለባለሥልጣኑ ይሠራል። ስለዚህ እናንተም ደብተር ግዙ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ከወረዳው ለምኑ፤ ከሩጫው በፊት ያነከሰውንና ሰኮናው የተጎዳውን ከሰልፍ እንዲያወጣ ሥልጣን ስጡት፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን። ርቀቱን በገመድ ለኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የፈረሱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ቀለሙንና ዕድሜውን ጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ የሚያበላውን ልጅ ስም።