ሙዚቀኞቻችንንና ሠዓሊዎቻችንን ፈረንጅ እስኪያገኝልን አንጠብቅ

ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ክሬዲት የሚመክራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ማንም ስለማይነግራችሁ ጉዳይ ነው። ስለምትሰሙት ሙዚቃና ግድግዳችሁ ላይ ስለምትሰቅሉት ሥዕል። ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ያየሁትን ስለምናገር ቆጣ ካልኩ ቅር አይበላችሁ።

1. የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው። ከአዲስ አበባ ሥዕል ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አትሞክሩት።

2. በበዓል ሰሞን የሚደረገው ትልቁ ኮንሰርት ደስ ይላል። ሂዱ፣ ጨፍሩ፣ ናፍቆታችሁን ተወጡ። ግን ከዚያ ውጭ ምን ሰምታችኋል? እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራውን ታውቃላችሁ? ሚካኤል ሰይፉንስ? ሁለቱም የአገራችንን ድምፅ ከኮምፒውተር ሙዚቃ ጋር ያዋሐዱ ልጆች ናቸው። ሥራቸውን ካሳተሙት አንዱ 1432 አር የሚባል፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያለ ትንሽ አሳታሚ ነው። አዲስ አበባ ያለውን «ቋንቋ» የሚባለውን ባንድም ስሙ። ማሲንቆና ክራር እንደዚያም መጮህ እንደሚችሉ ታያላችሁ።

3. የሚያንገበግበኝ ግን ይኼኛው ነው። የራሳችንን ሰው ሌላው ካላደነቀልን አናየውም።

ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። አሜሪካ ቀርቶ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ስንቱ አበሻ ሾፌር እዚያው ኤርፖርት ተሰልፎ ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራውን «ሸሞንሟናዬ» ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ያሳተመው ግን አሜሪካዊ ነው። ከዚያ ዓለም ሰማው። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አንዱ ኮንሰርቱ ላይ ዞር ዞር ብዬ ሳይ የእኛ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ፈረንጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። የእኛ ሰው የት ነው?

ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንደዚያው። ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን ውስጥ አሥርት ዓመታት ኖረው በ2023 አረፉ። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስንቶቻችሁ ፒያኖአቸውን ለልጆቻችሁ አሰምታችኋል?

ሥዕሉ ደግሞ ይብሳል። ሠዓሊው ስክንድር ቦጎሲያን እዚሁ ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ሃዋርድ ከዩ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን በእግር የሚደረስ ነው። እኔ በዚያ ዘመን ከዚያ ሠፈር አልጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አረፈ። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ እጁን አለመጨበጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ነገ ዛሬ አትበሉ የምላችሁ።

እዚያው ሃዋርድ የተማረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ካሊፎርኒያ ሆኖ ፊደላችንን ይሥላል። ይሰባብረዋል፣ ይገጣጥመዋል፣ ያስጨፍረዋል። «ልጄ ሀ ሁ አልማርም አለኝ» እያላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ። እስቲ የወሰኔን ሥዕል ፊቱ አስቀምጡና ከውስጡ ፊደል ያድን። «ይኼ መ ነው! አይ፣ ሠ ነው!» ሲል ትሰሙታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እየጮሃችሁበት ወደ አማርኛ ትምህርት ቤት ከምትጎትቱት ይኼ ይሻላል። ልጅ ቋንቋውን የሚይዘው የሚወደው ነገር በዚያ ቋንቋ ሲኖረው ነው። እናንተ ግን የምታሳዩት ዜናና ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ይውደደው?

ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ልጆቻችሁን አዲስ አበባ ያለው ዞማ ሙዚየም ውሰዷቸው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያሠሩት ነው። ኤልያስ ከተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይሠራል። ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውል ልጅ ይኼን ሲያይ አፉን ይከፍታል። የሆቴል መዋኛ ገንዳማ እኛ በምንኖርበት አገርም አለ።

አውሮፓ ያላችሁስ? በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን በሚደረገው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢያናሌ፣ የራሷ የማሳያ ቦታ ነበራት። ሥራው የቀረበው ጀርመን ሽቱትጋርት የተማረው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ለሠርግ ከስቶክሆልም ሮም የሚበር ሰው ቬኒስ ሩቅ ነው ብሎ ሲነግረኝ በጣም አዘንኩ።

4. ሊንክ መቀባበል ብቻውን ለሙዚቀኛው እንጀራ አይሆንም። ሌላ ሰው ከካሴት ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ የጫነውን ብትሰሙ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ አይደርስም። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ አልበም ስትገዙ ግን ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ለባለሙያው ነው። ለአንድ ቅዳሜ ምሽት የምታወጡት ገንዘብ ስንት አልበም እንደሚገዛ አስሉት። ሥዕል ከፈለጋችሁም የሠዓሊውን ስም ጠይቁና ከራሱ ወይም ከሚወክለው ጋለሪ ግዙ። ዋናውን ባትችሉ ትንሽ ህትመት ይበቃል።

ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይኼ የገንዘቡ ነገር እናንተን አይመለከትም። የምትወዱትን ዘፈን ስም ብቻ ላኩልን።

ሌሎቻችሁ ዛሬ ማታ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ የፖለቲካ ቪዲዮ ልትልኩ ስትሉ በሱ ፈንታ አንድ ዘፈን ላኩ። ማን እንደተጫወተው፣ ለምን እንደወደዳችሁት ሁለት መስመር ጻፉበት። ልጆቹም የነሱን ይላኩ። ራፕም ቢሆን እስከ መጨረሻው ስሙላቸው።