የስልክ ድምፅ ለደከመባት እህታችን፦ አፕ ከመጫንሽ በፊት

እህቴ፣ «ስልኬ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ መጥቶ ሲደወልልኝ አልሰማም፤ ድምፅ የሚጨምር ጥሩ አፕ የትኛው ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን ትናንት ማታ አነበብኩት። እስካሁን የተሰጡሽ መልሶች በሙሉ የአፕ ስሞች ናቸው። የእኔ መልስ ግን ለጊዜው ምንም አትጫኚ የሚል ነው። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ በዚሁ ጉዳይ ገንዘብም ደንበኛም ስላጣሁ ነው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሰፈሩ ነዋሪዎችና ቱሉ ዲምቱ ላሉ ሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ትእዛዝ የሚደርሰኝ በስልክ ብቻ ነው። ከመጋገሪያዬ ጀርባ የብሎኬት ማምረቻ አለ፤ ማሽኑ ከተነሣ አጠገቤ የቆመ ሰው የሚናገረውን እንኳ በግድ ነው የምሰማው። አንድ ዓርብ ጠዋት ከአንደኛው ምግብ ቤት ሰባት ጊዜ ተደውሎልኝ አንዱንም አልሰማሁም። ሰኞ ዕለት እንጀራዬን ይዤ ስሄድ ሌላ ጋጋሪ ይዘው ጠበቁኝ።

ያን ጊዜ እኔም እንዳንቺ አፕ ፈለግኩ። ድምፅን በእጥፍ እጨምራለሁ የሚል አንዱን ጫንኩ፤ እውነትም ለጥቂት ቀናት ጮኸልኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንጣጣ ጀመር። የወሰድኩለት ጠጋኝ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል ብሎ 850 ብር አስከፍሎ ቀየረልኝ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በስልክ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ዋና አካሉ አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ስስ ሽፋን ናት። የተያያዘችበት ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ትርገበገባለች፤ መርገብገቧ አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ የምንለው እሱን ነው። ምን ያህል መርገብገብ እንደምትችል አምራቹ ወስኖላታል። አፑ ከየትም ጉልበት አያመጣላትም። የሚያደርገው የድምፁን ልክ ከጣራው በላይ መግፋት ነው። ከጣራው ያለፈው ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል፣ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኗም ትጎዳለች። ለድምፅ ማጉያው የሚሰጠው ኃይል እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ ይህ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ያቺ ጥፍር የምታህል ነገር ይህን ከየት ታመጣለች?

አፕ የሚረዳበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ከመነሻው በዝግታ የተቀረጸ ስብከት ወይም ቪዲዮ ሲሆን። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ድምፁን እስከ 200 በመቶ ከፍ ያደርጋል፤ የቀረጻው ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጣራው ላይ ሳይደርስ የሚያድግበት ቦታ ያገኛል። ሲደወልልሽ ለመስማት ግን ምንም አይጠቅምሽም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። አዲሱ ድምፅ ማጉያ ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላው ድምፁ እንደገና ደከመ። በዚህ ጊዜ አፕ አልነበረም። ቃሊቲ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠጋኝ ዘንድ ስወስደው ከመፍታቱ በፊት ስልኩን መብራት ሥር ይዞ በአጉሊ መነጽር አሳየኝ። በስልኩ ታችኛው ጠርዝ ያለው ወንፊት መሳይ መረብ ፈጽሞ ተደፍኖ ነበር። የጤፍ ዱቄት፣ የበጋው የመረሬ አፈር ብናኝ፣ የሽርጤ ኪስ ክር፣ ከእጄ ዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ደርቋል። በአምስት ደቂቃ በብሩሽ አራግፎ መለሰልኝ፤ ድምፁ ከነሙሉ ጉልበቱ ተመለሰ። ገንዘብም አልተቀበለኝም። ያ የመጀመሪያው ድምፅ ማጉያ ገና አፑን ሳልጭንበት ለምን እንደ ደከመ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን በልባችን መያዝ አለብን። መንገዱ ገና ያልተነጠፈ፣ ግንባታው ያላለቀ ሰፈር ውስጥ ስልክ እንደ ሰው ብናኝ ይተነፍሳል። አንቺም ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርገሽው የማታውቂ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ጀምሪ። ስልኩን አጥፊው። ቆሻሻው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲረግፍ መረቡን ወደ መሬት አዙሪው። ያልተነከረ፣ ለስላሳ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ይዘሽ ሳትጫኚ ወደ ጎን ወደ ጎን ጥረጊ። ከዚያ ግልጽ ፕላስተር ለጥፈሽ ብድግ ስታደርጊው የቀረውን ብናኝ ይዞ ይነሣል። ለጆሮ የምንይዘውን የላይኛውን ቀጭን መረብም እንዲሁ። መርፌ ወይም ስፒል አታስገቢ፤ በተለይ ከቻርጅ ማድረጊያው አጠገብ ያለችው ብቸኛ ትንሽ ቀዳዳ የማይክሮፎን ናት፤ ከተወጋች አንቺ ትሰሚያለሽ፣ አንቺን ግን የሚሰማሽ አይኖርም። በአፍሽም አትንፊበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ጎሚስታ ቤት ሄደው በጎማ መንፊያው የሚያስነፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያ ግፊት ሽፋኗን ሊቀድዳት ይችላል። ውኃ ገብቶበት ከሆነም ሩዝ ውስጥ አትቅበሪው፤ አይፎንን የሚሠራው አፕል ራሱ በ2024 የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል ለደንበኞቹ ጽፏል። ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገሽ በእጅሽ ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊውና ነፋስ ባለበት ቦታ ይድረቅ።

ከመጥረግሽ በፊትም ሆነ በኋላ ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ስልክ ያለው አንድ ድምፅ አይደለም። የጥሪው (ሲደወልልሽ የሚጮኸው)፣ የሙዚቃውና የቪዲዮው፣ የማንቂያ ደወሉ፣ የንግግሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኚ የሚጨምረው የሙዚቃው ድምፅ ነው እንጂ የጥሪው አይደለም። ብዙ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እስከ ጥግ አደረስኩት ይላል፤ ጥሪው ግን ከግማሽ በታች ተቀምጧል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሳውንድ የሚለውን ክፈቺና የጥሪውን መስመር በጣትሽ ግፊው። የንግግሩ መለኪያ ደግሞ የሚስተካከለው እያወራሽ ሳለ ቁልፉን ስትጫኚ ነው። ሳምሰንግ ከሆነ ቮልዩም በሚለው ገጽ ላይ፣ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር፣ ሚዲያ ቮልዩም ሊሚት የሚባል ገደብ አለ፤ በርቶ እንደ ሆነ እዪው። የቅርብ ጊዜ አይፎን የያዙ ደግሞ ስልኩን ሲያዩት ጥሪው በራሱ ዝቅ ይልባቸዋል፤ አቴንሽን አዌር የሚለውን ሲያጠፉት ይተዋል። ብሉቱዝም ይታይ፤ ጥሪሽ ጓዳ ውስጥ በተረሳ ድምፅ ማጉያ እየጮኸ ይሆናል።

ጥሪው ደህና ሆኖ ስታወሪ ብቻ ከሆነ የሚደክመው፣ ከላይ የተለጠፈውን የስክሪን መከላከያ ተመልከቺ፤ ተንሸራትቶ የጆሮውን መረብ ግማሹን ሸፍኖ ታገኚው ይሆናል። የሚደክመው ከአንድ ሰው ጋር ስታወሪ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስልክሽን ተዪው፤ የተደፈነው የዚያ ሰው ማይክሮፎን ሊሆን ይችላል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ልንገርሽ፦ ቦታ። ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከአንድ ሜትር ወደ አራት ሜትር ስትርቂ 12 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ነው፤ የትኛውም አፕ ይህን አይመልስልሽም። ስለዚህ ስልኬን ከአልጋ ላይና ከሽርጥ ኪስ አወጣሁት፤ ጨርቅና ፍራሽ ድምፅ ይውጣሉ። ከምጣዱ እንፋሎት ራቅ ብሎ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች በሚገናኙበት ጥግ፣ ከጆሮዬ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ የእንጨት መደርደሪያ አስመታሁ። ስልኩን ባዶ ጣሳ ውስጥ መረቡን ወደ ታች አድርጌ አቆመዋለሁ። ድምፁ ከጣሳው ግድግዳና ከጥጉ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል። ጣሳ ሳይሆን ወፍራም ብርጭቆም ይሆናል፤ ትንሽ ያስተጋባል እንጂ ለጥሪ ችግር የለውም። ንዝረቱንም አብሬ አብርቼዋለሁ፤ ማሽኑ ሲጮኽ ጣሳው በእንጨቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከጥሪው በፊት እሱን እሰማለሁ።

የጥሪውም ዓይነት ይታሰብበት። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ከበሮና ባስ የበዛበት ዘፈን ጥሪ ካደረግሽ ግማሹ ይቀራል። የሰው ጆሮ ይበልጥ የሚነቃው ለጠራ፣ መካከለኛና ቀጠን ላለ ድምፅ ነው። የድሮውን የጠረጴዛ ስልክ ደወል የመሰለ ጥሪ አድርጌ አይቼዋለሁ፤ ማሽኑን ሰንጥቆ ይወጣል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። እሷም ስልኬ ደከመ አለች። ጠረግኩላት፣ ሁሉን ከፍ አደረግኩላት፣ አልሆነም። «ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ትል ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ አንደኛው ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ነበር። በክብሪት እንጨት ስታወጣው ኖራ ወደ ውስጥ ገፍታዋለች። እሱ ወጣላት፤ ከዚያም ባለሙያዋ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት አቅም እንደ ሆነ አስረዳችን። ሰ፣ ፈ፣ ሸ የሚያሰሙት ድምፅ ቀጭን ስለሆነ እነሱ ሲጠፉ ቃሉ ይደበላለቃል። ለእንዲህ ያለ ጆሮ የጥሪው ድምፅ ወፈር ይበል፤ ጭልጭል የሚለው አይሰማውም። ስናወራትም መጮኽ ትተን ቀስ ብለን ቃሉን እየለየን እንናገራለን። በገመድ ጆሮ ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮዋ ስትሰማ በጣም ይሻላታል። ጎግል የሠራው ሳውንድ አምፕሊፋየር የሚባለውም በጆሮ ማዳመጫ በኩል በዙሪያዋ ያለውን ንግግር ከፍ አድርጎ ያሰማታል። አፕ ካልኩ የማምነው ይህን ነው።

አንቺ ግን ጤነኛ ጆሮ ካለሽ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን እስከ ጥግ አታድርጊ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ።

እስኪ ይህን ሞክሪና የስልክሽን ዓይነት፣ እንዲሁም የሚደክመው ሲደወል ይሁን ስታወሪ ለይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ጠጋኝ ጋ ከሄድሽም ቀይሩልኝ ብለሽ አትጀምሪ፤ መረቡን በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ በያቸው። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ምጣድ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ እመልስልሻለሁ።