ደወሉ ድምፁን እስኪጨርስ

ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና የምትዘጋጁ ልጆቼ፣ አንድ የጥንት ሲምፎኒና አንድ የዘመናችን ሥራ በአንድ ምሽት ሲቀርቡ ልምምዱ ለየትኛው ይበዛል ብላችሁ ጠይቃችሁኝ በጨዋታ አልፌው ነበርና፣ ዕድሜዬን በቫዮላ፣ ከቫዮሊን ጥቂት በሚተልቀው መሣሪያ፣ ወንበር ላይ የጨረስሁ ሰው እንደ መሆኔ አሁን በወግ ልመልስላችሁ።

የጥንቱን ኦስትሪያዊ የሙዚቃ ደራሲ የሃይድንን 45ኛ ሲምፎኒና የዘመናችንን የአርቮ ፔርትን «ካንቱስ» አንድ ላይ አስቡ። ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ከበጋ ቤተ መንግሥቱ አልነሣ ብሎ ሙዚቀኞቹ ከቤተሰባቸው ተለይተው ቢሰነብቱ፣ ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1772 አቤቱታውን በሲምፎኒው መጨረሻ አሰማ፤ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ሻማቸውን እያጠፉ ወጡና ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ቀሩ። ልዑሉም ሰምና ወርቁን ለይቶ በማግሥቱ ጓዝ አስጠቀለለ ይባላል።

«ካንቱስ»ን ኢስቶኒያዊው ፔርት የጻፈው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን በሞተ በዓመቱ፣ ለእርሱ መታሰቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ያሉት የአውታር መሣሪያዎችና አንድ ደወል ብቻ ናቸው። ኖታውን ስታዩ ትስቃላችሁ፤ የኤ ማይነር ስኬል፣ ማለትም እንደ መሰላል የተደረደሩ ኖታዎች፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ከአንደኛው በግማሽ ፍጥነት፣ ቫዮላው ከዚያም በግማሽ እያለ ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው ኮንትራባስ ዘንድ ሲደርስ 16 እጥፍ ይዘገያል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ «ቀላል» ሥራ ደርሶን ስቄ ነበር። ልምምዱን ሁሉ ለሲምፎኒው አዋልነውና በዝግጅቱ ምሽት ቆጠራው ጠፍቶኝ አንድ ኖታ ቀድሜ ወረድሁ። በፈጣን ሥራ የሳተ ጣት በግርግሩ ይሸፈናል፤ በዝግታ በሚወርድ ስኬል ግን መደበቂያ የለም። ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ ጆሮው ግን ሲቀላ አየሁት።

ስለዚህ ከሦስት ሰዓት ልምምድ አንዱን ሙሉ ለአዲሱ ስጡ፤ ከእርሱም አብዛኛውን ለሥራው ማብቂያ። እዚያ አውታሮቹ በኃይል እየተጎተቱ ሳለ ደወሉ በቀስታ ይመታል፣ ምቱንም ማንም አይሰማውም፤ ደጋኖቹ ባንድ ጊዜ ሲነሡ ግን ድምፁ ብቻውን አየር ላይ ይቀራል። መንዝ ያደገ ሰው ይህን የሚያውቀው ከልጅነቱ ነው። አያቴ በውርጭ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ መረዋ ተደውሎ ካበቃ በኋላ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደ ያዙ ይቆሙ ነበር፤ እኔ «አለቀ» ስላቸው ጣታቸውን ያነሡብኛል፣ እውነትም ልብ ብዬ ሳደምጥ ገና አላለቀም።

ቅደም ተከተሉን ብጠየቅ «ካንቱስ»ን አስቀድማለሁ፤ በሃይድን ሁሉም ወጥቶ ካለቀ ማንን ይዘን ልንቀጥል ነው? ደጋናችሁን ካነሣችሁ በኋላ ክንዳችሁን አታውርዱ፣ ገጽ አትግለጡ፣ ወንበር አታንቋቁ። ደወሉ ሳያልቅ ለማጨብጨብ እጁን የሚያነሣ ተመልካች አይጠፋም፤ እናንተ ካልተነቃነቃችሁ ግን እርሱም መልሶ ይሰበስባል።