ያልገጠመችው 8 ደቂቃ

ልጆች፣ ከ30 ዓመት በላይ ቴዎዶላይት (የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ) ይዤ ተራራ ለተራራ ስዞር የኖርኩ ቀያሽ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ማርስ ነው። ስለ 8 ደቂቃም ነው። የሰዓት ደቂቃ ማለቴ አይደለም፣ የማዕዘን ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ቦታ ሲከፈል የሚገኘው። ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት 30 ደቂቃ ገደማ ነው። እንግዲህ 8 ደቂቃ የጨረቃን ሩብ ያህል መሆኑ ነው።

የሰማይ ተመራማሪው ዮሐንስ ኬፕለር በ1600 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ፕራግ አካባቢ ወደነበረው ወደ ቲኮ ብራሄ ሲሄድ ገና 28 ዓመቱ ነበር። ቲኮ ዴንማርካዊ ነው። ቴሌስኮፕ ባልነበረበት ዘመን፣ በትልልቅ መለኪያዎችና በዓይኑ ብቻ፣ ከ20 ዓመት በላይ የሰማይን ነገር ሲለካ የኖረ ሰው። ለኬፕለር የማርስን ሥራ ሰጠው፤ በዓመቱ ሞተ።

ያኔ የሰማይ አካላት የሚዞሩት በፍጹም ክብ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። 2000 ዓመት ገደማ የቆየ እምነት ነው። ኮፐርኒከስ እንኳ በ1543 ፀሐይን መሀል አድርጎ ምድርን ሲያዞራት ክቡን አልነካውም። ኬፕለርም የጀመረው ከክብ ነው። አንዱን ስሌት ብቻ ቢያንስ 70 ጊዜ እንደደጋገመው ራሱ ጽፏል፤ ያውም ሁሉም በእጅ። በመጨረሻ ሊገጥምለት ምንም አልቀረውም ነበር። ከቲኮ ልኬት ጋር ሲያስተያየው ግን ማርስ 8 ደቂቃ ፈቀቅ ብላ ተገኘች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል። የጥንቱ ጠቢብ በጥሊሞስ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ልዩነት ይፈቅድ ነበርና ሰበብ አያጣም። ኬፕለር ግን የቲኮን አለካክ ያውቃል። ያ ሰው በ8 ደቂቃ አይሳሳትም። ስለዚህ የዓመታት ልፋቱን ትቶ እንደገና ጀመረ፤ እንቁላል የመሰለ ቅርጽ ሞከረ፣ አልሆነም፣ እንደገና ሞከረ፣ በ1605 ምህዋሩ ኤሊፕስ (ወደ ጎን የተለጠጠ ክብ) መሆኑን አገኘ። በ1609 መጽሐፉ ታተመ፣ ክቡም ቀረ።

ስለዚህ ዘመን ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጋሊሊዮ ነው፤ ቢነሳም ይገባዋል። በጥር 1610 ጁፒተር አጠገብ ያያቸውን ትናንሽ ብርሃኖች ማታ ማታ እየሳለ ጨረቃዎች መሆናቸውን ደረሰበት፣ በ1633 ሮም ላይ ተፈርዶበት እስኪሞት ድረስ ቤቱ ውስጥ ታሰረ። እኔን ግን የሚቀርበኝ ኬፕለር ነው። ያቺን 8 ደቂቃ ደብቆ ቢያልፋት ማን ይጠይቀው ነበር?

እኔ ደብቄያለሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ትራቨርሱ፣ ማለትም ከጣቢያ ጣቢያ ማዕዘን እየለካን የምንሄድበት መስመር፣ በ2 ደቂቃ አልዘጋ አለኝ፤ የማዕዘኖቹ ድምር መሆን ከሚገባው ጋር አልገጠመም። መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ጠዋት አለቃዬ ውጤት ይጠብቃል። በፋኖስ ብርሃን አንዱን ንባብ በላጲስ አጥፍቼ የሚዘጋልኝን ቁጥር ጻፍኩ። ጠዋት ተመሰገንኩ። ለካ ስህተቱ የነበረው ሌላ ጣቢያ ላይ ኖሯል፤ የመሣሪያው እግር ለስላሳ አፈር ላይ ቆሞ ሰምጦ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከወዲያ ማዶ የመጣው ቡድን ችካሉን ከእኛ ጋር ሊያጋጥም ሲል ወደ 90 ሳንቲሜትር ተላለፍን። 2 ደቂቃ ማለት በኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ይህን ያህል ነው። ቁጥሩን እንዳለ ትቼው በማግስቱ ብመለስ ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ስለዚህ ላብራቶሪም ሁኑ፣ ሂሳብ ክፍልም ሁኑ፣ ኤክሴል ላይ ስትሠሩም፣ አልገጥም ያለችውን ቁጥር አትንኳት። እንዳለች ጻፏት፣ አጠገቧ ቀኑን አስፍሩ፣ ለአለቃችሁም «ይህቺ አልገባችኝም» በሉት። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። በማግስቱ ወደ እሷው ተመለሱ።

የዚያን ጊዜው ፊልድ ቡክ (የልኬት መመዝገቢያ ደብተር) እስካሁን አለኝ። በላጲስ ያጠፋሁበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል። ወደ ብርሃን ሲያዞሩት የመጀመሪያው ቁጥር ዛሬም ይነበባል።