ቀዩን መብራት ከማብራታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከጀማሪ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ሆኗል። «ጋሼ፣ ቀይ መብራት የፈረስን ውጥረት ያላቅቃል የሚሉት እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ። አንድ የደላው የውጭ አገር ፈረስ ጀርባው ላይ ቀይ የሚያበራ ጨርቅ ተደርጎለት፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያዛጋል። ደስ ይላል። የባሕር ዳር የጋሪ ፈረስ ኑሮው ግን ሌላ ነው።

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው፦ መሣሪያው ውሸት አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። ለጋሪ ፈረስ ደግሞ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

በብርሃን ማከም አዲስ ነገር አይደለም። ኒልስ ፊንሰን የተባለው የዴንማርክ ሐኪም የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሃንጋሪው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ቡዳፔስት ውስጥ ፀጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበራ ፀጉሩ ቶሎ እንደሚያድግ አስተዋለ። አሁን የሚሸጡት መሣሪያዎች በአብዛኛው የሞገድ ርዝመቱ ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር የሆነውን ቀይ ብርሃንና ከ810 እስከ 850 ያለውን ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ይጠቀማሉ። ብርሃኑን የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይቀበለዋል። ከዚያ የደም ዝውውር ይሻሻላል፣ ሕመም ይቀንሳል፣ የተኮማተረ ጡንቻም ላላ ይላል ነው የሚባለው። በፈረስ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ «ይፈውሳል» ብላችሁ አፋችሁን ሞልታችሁ አትናገሩ።

እስቲ ያንን ቪዲዮ እንደገና እዩት። ፈረሱ ጥላ ውስጥ ነው። ጭነት የለበትም። አንድ ሰው አጠገቡ በዝግታ ቆሟል፣ አንገቱን ይዳብሰዋል። መብራቱ ባይበራስ አያዛጋም ነበር? የኔ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው። እኛ ፈረሱን ከጋሪ ፈትተን፣ ውሃ አጠጥተን፣ አቧራውን አራግፈን ጥላ ውስጥ ብናቆመው ግማሹ ሥራ ያለ ኤሌክትሪክ ያልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን አሠሩ። ገበያ ዳር ከቆሙት ፈረሶች አንዱ ጋ ጠጋ በሉ። ደረቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ አንሱት። ብዙ ጊዜ ከካላማዳሪ የተቆረጠ ነው፤ በሲባጎ ተጠጋግኗል፣ ቋጠሮውም ወደ ውስጥ ዞሮ ሥጋውን ይወጋል። ከጀርባው ላይ ያለውን ማዳበሪያ ግለጡት። ከሥሩ ገጣባ ታገኛላችሁ። ያ ፈረስ ጡንቻው የተወጠረው ብርሃን አጥሮት አይደለም፤ ቋጠሮውን እየሸሸ ስለሚራመድ ነው። ልጓሙንም እዩ። ጥርሱ ተስሎ ጉንጩን የቆረጠው እንደሆነ በእጅ ባትሪ ይታያል።

ከጣና ዳር ረግረግ ውሃ የሚጠጣ ፈረስ ራሱን ደጋግሞ ከነቀነቀ ደግሞ አፍና አፍንጫውን ፈትሹ። አልቅት ገብቶ ይሆናል። አልቅት ያስጨነቀውን ፈረስ አንገቱ ላይ ቀይ መብራት ማብራት ምን ይባላል?

ፊቱን ማንበብ ልመዱ። የፈረስን ሕመም ከፊቱ የሚለካ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ ስድስት ምልክቶችን ያያል። ጆሮው ወደ ኋላ ደርቆ መቆሙን፣ የዓይኑ ቆብ መጥበቡን፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ቦታ መወጠሩን፣ የመንጋጋው ጡንቻ መፍጠጡን፣ አፉ መጨማደዱንና አፍንጫው መወጠሩን። ዘና ያለ ፈረስ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጥር 23 እንጅባራ ውረዱ፣ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ እዩ። በእንክብካቤ ያደገ ፈረስ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ አንዴ ካያችሁ አትረሱትም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጀርባው አሁንም ከተወጠረ፣ እሺ፣ መብራቱን አምጡት። ፀጉሩን በደንብ ቦርሹት፤ አቧራና ወፍራም ፀጉር ብርሃኑን ያስቀሩታል። ለምን ያህል ጊዜ እንደምታበሩ አስሉ። በካሬ ሴንቲሜትር 50 ሚሊዋት የሚሰጥ መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ ለ60 ሰከንድ ቢያዝ በካሬ ሴንቲሜትር 3 ጁል ይሰጣል። ዕቃው ላይ የሞገድ ርዝመቱና ኃይሉ ካልተጻፈ ቀይ አምፖል ነው የገዛችሁት። ሲበዛ የተሻለ ይሠራል ብላችሁም አታርዝሙት፤ መጠኑ ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል። ዓይን ላይ፣ የካንሰር ዕጢ ላይና ያረገዘች ባዝራ ሆድ ላይ አታብሩ። ኃይለኛ ሌዘር ከሆነ ጥቁር ፈረስ ላይ ተጠንቀቁ፣ ጥቁር ፀጉርና ቆዳ ብዙ ብርሃን ስለሚይዝ ይቃጠላል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ እነግራችኋለሁ። እንደ እንጨት የደረቀ፣ ጆሮውን ያቆመ፣ ጅራቱን ያነሳ፣ መንጋጋው አልከፈት ያለ ፈረስ ሲመጣላችሁ «ውጥረት ነው» እንዳትሉ። ከዓይኑ ጥግ ነጭ ሽፋን ብቅ ካለ፣ ከቅርብ ጊዜ በፊት ሰኮናውን ሚስማር ከወጋው፣ ቴታነስ ነው። ፈረስ ለዚህ በሽታ እጅግ የተጋለጠ ነው። ብርሃንና ድምፅ ደግሞ መንቀጥቀጡን ያባብሱበታል። ጨለማና ጸጥ ያለ ቤት ይግባ፣ ጆሮው በጥጥ ይደፈን፣ ቁስሉ ይጸዳ፣ ፀረ መርዙና ማረጋጊያው ሳይውል ሳያድር ይጀመር። እዚህ ላይ ቀይ መብራት ማውጣት በደል ነው።

ስለ ገንዘቡም ላንሳ። ባለጋሪው የዕለት ገቢውን ይዞ ነው የሚመጣው። ያቺን ብር ማሰሪያውን ለሚያሠራበት ቆዳ ሰፊ ይስጣት እንጂ እናንተ ቀድማችሁ አትውሰዱበት። መሣሪያውንም እያንዳንዳችሁ ከምትገዙ ተዋጥታችሁ አንድ ያዙ።

ሥራውንም ፈትኑት። አንድ ቀን ፈረሱን ፈትታችሁ፣ አጠጥታችሁ፣ ቦርሻችሁ መብራቱን አብሩ። ሌላ ቀን ያንኑ ሁሉ አድርጋችሁ መብራቱን አጥፉት። በሁለቱም ቀን ፊቱን በስልክ ፎቶ አንሱና ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለባለጋሪው አሳዩት፤ የትኛው የየትኛው ቀን እንደሆነ ሳትነግሩት። ልዩነት ካየ ይክፈላችሁ።