በ1902ቱ ፔኒ ላይ ባሕሩ የት ጋ ነው?

ለንደን የሚኖሩ አንባቢ ከእሑድ ገበያ አንድ ሣጥን አሮጌ የብሪታኒያ ሳንቲም ገዝተው፣ ሦስት የ1902 ፔኒዎች አገኙበት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሻጩ «አንደኛው ባሕሩ ዝቅ ያለበት ዓይነት ነው» ብሎ ዋጋ ጨምሮባቸዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላሳያቸውም። ሳንቲሞቹ ከእጅ እጅ ሲዘዋወሩ ተፍቀው አልቀዋል። በምን ልለየው ይላሉ።

የንጉሡን ፊት ይተዉት፤ ሳንቲሙን ይገልብጡ። ጋሻዋን በስተግራ አስደግፋ፣ ባለ ሦስት ጣት ጦሯን በስተቀኝ ይዛ የተቀመጠችው ሴት አገሪቱን የምትወክለው ብሪታኒያ ናት። በስተቀኝ በኩል ያለውን የባሕሩን አግድም መስመር በአጉሊ መነጽር እየተከተሉ እስከ እግሮቿ ይሂዱ። መስመሩ እግሮቿ የሚተላለፉበት ቦታ ላይ ከደረሰ የተለመደው ዓይነት ነው። ከዚያ በታች ከቀረ ሻጩ እውነቱን ነው።

ሁለት ዓይነት የሆነው በማተሚያው ማኅተም ምክንያት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በጥር 1901 ካረፉ በኋላ የኤድዋርድ ሰባተኛ መልክ ያለበት ፔኒ በ1902 ሲወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ በጀርባቸው ባሕሩን እንደ ንግሥቲቱ የመጨረሻ ዓመታት ዝቅ አድርገው ያሳዩ ነበር። በዚያው ዓመት ባሕሩ ከፍ ባለበት ማኅተም ተተካ። ስለዚህ ከሣጥንዎ የ1900 ፔኒ ፈልገው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከእሱ የተሻለ መለኪያ አይገኝም።

ማለቁ ብዙ አያስጨንቅዎ። መዳፍና ኪስ የሚበሉት ጎላ ያለውን ነው፤ የራስ ቁሯን፣ ደረቷንና ጉልበቷን። ባሕሩ ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ስለሆነ በሳንቲሙ ባዶ ሜዳ ላይ ቢጠፋ እንኳ እግሯ ሥር ተጠልሎ ቁራጭ መስመር ይቀራል። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ጥላው መስመሩን ያወጣዋል። ማለቅ መስመር ያደበዝዛል እንጂ ከቦታው አያነሳም።

አደራ፣ በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በጥርስ ሳሙና እንዳይፈትጉት። ቀይ ሆኖ ያበራል፤ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ጥቁር የሆነ ፋርዚንግ (የፔኒ ሩብ) ካገኙም ቆሻሻ አይምሰልዎ፤ ከ1897 ጀምሮ ከግማሽ ሶቨሪን ወርቅ ጋር እንዳይምታታ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ያጠቆረው ነው።

ስለ ዋጋው፣ ባሕሩ ዝቅ ያለው ከጓደኛው ያነሰ ቁጥር አለው እንጂ ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ላለቀ ሳንቲም ብዙ መጨመር አይገባም። ሣጥኑን ከፍተው ሳለ ግን የ1895 ፔኒ ካለ የጦሩ ጫፍ «ፔኒ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ፤ የተለመደው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ከሆነ በጥንቃቄ ይያዙት። የ1902 ግማሽ ፔኒም ካለ እሱም ባሕሩ ዝቅ ያለበት ዓይነት አለው፤ በዚያው አጉሊ መነጽር ይዩት።